በጤና ጣቢያው ግቢ ያሳደግነው የድሬዳዋ ዛፍ

ሸዋሮቢት ችግኝ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ፎርማናችን አቶ በየነ የድሬዳዋ ዛፍ ዘር ጣሳ ውስጥ ጨምረው የፈላ ውሃ አፈሰሱበት። ቀቀሉት እኮ ብዬ ለጓደኛዬ ሳንሾካሹክ ሰሙኝ።

«ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ካልደነገጠ አይነቃም» አሉኝ።

አድሮ ያበጠውን ለቅመን አፈር በሞላንበት ፕላስቲክ ዘራነው። ከጥጥ ለቀማ ለመጣሁት ለእኔ፣ ዳስ ሥር መሥራቱ ራሱ ሹመት ነበር።

በደርግ ጊዜ ችግኝ በዘመቻ ይተከላል፤ ቀበሌው ሕዝቡን ጠርቶ ያስተክልና በማግስቱ ለፍየል ይተወዋል። እኔ ግን ጤና ጣቢያው ግቢ ተመድቤ እዚያ የተተከሉትን የድሬዳዋ ዛፍ ችግኞች እንድንከባከብ ታዘዝኩ። ወባ የያዘው ሁሉ እዚያ በጠራራ ፀሐይ ተራ ይጠብቃል። አንዲት ነፍሰ ጡር ዐይኔ እያየ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ፣ ለዚህ ግቢ ጥላ ሳላበጅ አልለቅም ብዬ ማልኩ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ግን «ችግኞቹ ከደረቁ ቦታው ላይ መጋዘን እሠራበታለሁ» አለኝ።

አቶ በየነ ደግሞ «ክረምቱን ይጠጣ፤ በበጋ ቀስ በቀስ አስርቢው። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ይውረድ» ብለው መከሩኝ።

ጥር ላይ ችግኞቹ ቅጠላቸውን አራገፉ። የዛፉ ጠባይ ነው። በር ላይ ሎሚ የሚሸጡት እትዬ ዘሃራ ግን አጠገባቸው ያለው ችግኝ ሊሞት ነው ብለው፣ ለሶላት ውዱእ አድርገው የተረፋቸውን ውሃ ግንዱ ሥር ያፈስሱ ጀመር።

«እትዬ፣ ይተዉት፤ እየለመደ ነው።»

«ምኑን ነው የሚለምደው፣ ሞቱን? የጠማውን ማጠጣት ሰደቃ ነው፣ ልጄ።»

በእሾህ ባጥረውም ከላይ ያፈስሳሉ። እኔም ደረቅ፣ እሳቸውም ደረቅ። ሌሎቹ ሻጮች ደግሞ እሳቸውን ተከተሉ። አፈሩን ጫር ጫር አድርጌ ሳይ፣ ሥሩ እርጥበቱን ለምዶ ላይ ላዩን ተሰብስቧል። በጣም ተናደድኩ።

መከልከሉ እንደማያዋጣኝ ሲገባኝ ከግንዱ ራቅ አድርጌ ቆፈርኩና ቂጡ የተበሳ አሮጌ እንስራ ቀበርኩ።

«ሰደቃዎን እዚህ ያፍስሱልኝ» አልኳቸው።

«ካፉ አርቀሽ ልታጎርሺው?»

«ሄዶ ይጉረስ።»

ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እዚያው ያፈስሱ ነበር። በየዓመቱ እንስራውን አውጥቼ ይበልጥ አርቄ፣ ይበልጥ አጥልቄ እቀብረዋለሁ። እሳቸውም «ደግሞ የት ወሰድሽው?» እያሉ፣ እያጉረመረሙ ይከተሉታል።

ድርቅ በጠናበት ዓመት ቧንቧው ቆመ። ግቢው በሕመምተኛ ሞላ፤ ዛፎቹም ራቁታቸውን ቀሩ። ኃላፊው የመጋዘኑን ነገር እንደገና አነሣ። ለሰው አልናገር እንጂ እኔም ፈርቼ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ጠብታ ሳይወርድ፣ ቅርንጫፎቹ በቀይ አበባ ተሞሉ፤ ቅጠሉም ተከተለ። ሕመምተኛው ነጠላውን ጥላው ሥር አነጠፈ።

እትዬ ዘሃራ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። «ዘንድሮ የማፈስሰው የለኝም» አሉኝ፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አልኳቸው። «አሁን ተራው የእሱ ነው።»

ችግኝ የምትተክሉ ሁሉ፣ ውሃውን ከግንዱ አርቁት። ሥሩ ይሄድለታል።