መርዶዬ ለእሁድ ተቀጠረ

ካርቱም የሄድኩት ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ መቱ ውስጥ ስሜ በተነሣ ቁጥር «ምስኪን፣ አጎቷ ወስዶ አስቀራት» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ እሰማለሁና። ውሸት ነው። ጎሬ ተምሬ አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ከዚያ በላይ የሚያስተምር አልነበረም። ቀጥሎ የነበረው ባል ነው። እሱም ተገኝቶ ነበር፤ የኡካ ሰው፣ የወረዳ ጸሐፊ፣ ጥርሱ የሚያምር። እኔ ግን አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ እግሬን የሚበላኝ ሰው ነኝ። ያኔ የጎሬና የመቱ ቡና በበቅሎ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ካርቱም ይገባ ነበር። አረብኛ የሚጽፍ ጸሐፊ ግን በነጋዴዎቹ ዘንድ ብርቅ ነው። ካርቱም የቡና ወኪል የነበሩት የአባቴ ወንድም «መጥታ አረብኛ ትማር፤ ስትመለስ ጎሬ እንጀራ አታጣም» ብለው ሲልኩብኝ፣ መልእክተኛው ውኃ ሳይጠጣ «እሄዳለሁ» አልኩ።

እናቴ ስትሰማ ሳቀች። ሳቋ የቁጣ ነው።

«አማርኛና ኦሮምኛ ለዚህ አፍሽ አነሰው? ሦስተኛ ምላስ ጨምረሽ ማንን ልትፈጂበት ነው?»

አባቴ በጠላት ጊዜ ሞቷል፤ መልኩን አላውቀውም። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ከሶር ወንዝ ማዶ ከገጠር መጥታ መቱ ገበያ ማር እየሸጠች ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትራራ በኦሮምኛ ትናገራለች። በሄድኩበት ጧት በኦሮምኛ ብቻ ስታወራኝ ዋለች ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም ገና ሳይነጋ ጀምራ ጓዙ እስኪጫን «ኢንታላ ኮ፣ ኢንታላ ኮ» ከማለት አላረፈችም። ልጄ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ያስላት ነበር። «ዝናቡ ነው» አለች። እኔም ዝናቡ ነው ብዬ ሄድኩ።

ጋምቤላ የወደቡ ግቢ ያን ጊዜ በሱዳን መንግሥት እጅ ነበር። መርከብ ወደዚያ የሚደርሰው ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው። ከክረምቱ መግቢያ እስከ ጥቅምት ይመላለሳል፤ ውኃው ሲጎድል ያበቃል። ከዚያ በኋላ ካርቱም ላለ የኢሉባቦር ሰው አገር የሚባል ነገር የለም። ሰው አይመጣም፣ ወሬ አይመጣም። ይህን ሳላውቅ ነው የሄድኩት፤ ባውቅም የምቀር አይመስለኝም።

አጎቴን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ እላለሁ። ቤታቸው የጭቃ ግድግዳ፣ ሰፊ ግቢ ነበረው፤ ከግድግዳው ማዶ አንዲት ሱዳናዊት ከባሏ ጋር ትኖራለች። ጽሕፈቱን አንድ ዓይናቸው የደከመ መምህር እየመጡ አስተማሩኝ። አፉን ግን የሰጠችኝ ያቺ ጎረቤት ናት። ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን በምትጋግርበት ጥላ ሥር ቁጭ አድርጋኝ፣ የያዘችውን ሁሉ ከፍ አድርጋ እያሳየች ስሙን ታስጠራኛለች። ከተሳሳትኩ ዱቄት ትረጭብኛለች። እኔ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እላታለሁ፤ እሷ ያ ቢንቲ፣ ልጄ ሆይ፣ ትለኛለች። አንድ ቀን ሥጋ ልገዛ ሄጄ ከሻጩ ጋር ስከራከር ሰውየው ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ። ጋሼም ቆመው ይስቃሉ።

«ምን አልኩት ጋሼ?»

«ነውር አላልሽም። አያቱ የምትቆጣው መስሎት ነው። አሮጊት ነው እንዴ የምታስተምርሽ?»

እናቴ ማንበብ አታውቅም፤ ሰው አስጽፋ መላክም አትወድም። «የቤቴን ነገር ለጸሐፊ አልዘረግፍም» ባይ ናት። የምታምነው ሐጂን ነበር፤ ሱቃቸው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፣ በየክረምቱም ቡና ይዘው ካርቱም ይመጣሉ። በሁለተኛው ክረምቴ በመጀመሪያው መርከብ መጡ። ማር በቅል ይዘውልኛል። እግራቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናትሽ የላከችው ቃል አለ። ልበለው?»

«ይበሉት እንጂ።»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። ‹ያቺ እግሯ የማያርፍ፣ አረብኛውን ጨረሰች ወይስ አረቡን ነው የምትጨርሰው በሉልኝ› ብላለች።»

ጋሼ ትን አላቸው። እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሐጂ ጨመሩ፣ «ሳሉ አልለቀቃትም። ግን ምላሷ እንዳለ ነው።» በማግሥቱ ለእሷ የሚሆን ቀይ ሻሽ ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ «በዚህ ክረምት መጨረሻ እመጣለሁ በሏት» ብዬ ላክሁ። በነሐሴ መግቢያ መቱ ደርሰው ቃሌን እንዳደረሱ ኋላ ሰምቻለሁ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሐጂ በመጨረሻው መርከብ ተመልሰው መጡ። ጋሼ ቤት ገብተው ረጅም ጊዜ ከቆዩ በኋላ ተጠራሁ።

«እናትሽ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች። በርትተሽ ተማሪ ብላለች» አሉኝ፤ ዓይናቸው ሱፍራው፣ የምግቡ ምንጣፍ፣ ላይ ነው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አልሰደበችኝም?»

ሐጂ ውኃ ጠየቁ። እትዬ ለማምጣት ብድግ አሉ፤ ውኃው ግን እዚያው አጠገባቸው ነበር።

እናቴን አውቃታለሁ። በርትተሽ ተማሪ የምትል ሴት አይደለችም። በጣም ታማለች፣ ሊነግሩኝ አልፈለጉም ብዬ ቆረጥሁ። ከዚህ ያለፈ ነገር ግን በልቤ አልመጣም፤ ወይም ሲመጣ አባረርሁት። ያን ቀን ጋሼን «በዚህ መርከብ ልሂድ» አልኳቸው። ወንዙ እየጎደለ ነው አሉኝ። በማግሥቱ ስጠይቅ የይለፍ ወረቀቱ አይደርስም አሉ። በሦስተኛው ቀን ስነሣባቸው «ከርሞ አብረን እንሄዳለን አልኩ፤ አንቺ ልጅ ምን ያለሽ ችኩል ነሽ!» ብለው ወጡ። እትዬ በበኩላቸው ብይ፣ ብይ ይሉኝ ጀመር። ዶሮ ታረደ። በዓል አልነበረም። ሽሮውም በቅቤ ሆነ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ መርዶ የሚነገረው ሰው በተጎዳ ሰውነት እንዳይሰማ አስቀድሞ ይበላል። እኔም አውቅ ነበር። ግን የበላሁት እኔ ነበርኩና አልታየኝም።

መርከቡ ሐሙስ ሄደ። ሐጂን ለመሸኘት ወንዙ ዳር ድረስ ወረድኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። መንገደኛው እሳቸው ሆነው የምጸናው እኔ መሆኔ ግራ አጋባኝ። መርከቡ ዞሮ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት።

ቅዳሜ እትዬ ገበያ ሄደው እኔ ብቻዬን ልብስ ሳጥብ ጎረቤቴ ገባች። ሁልጊዜ የምትገባው እየጮኸች ነው፤ ያን ቀን ዝም ብላ ገባች። ፊቴ ቆመች፣ ሁለት መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ «አል ፋቲሐ» አለች። ሱዳን ውስጥ ይህ ለሞተ ሰው እንደሚደረግ ለማወቅ አረብኛ እንኳ አያስፈልግም።

«ለማን ነው ኻልቲ?»

«ለእናትሽ ነዋ» አለች። ከዚያ ቆጣ አለች። «ባሌ ከሐጂ ጋር መስጊድ ሲሰግድ ነው የሰማው። እናንተ ግን ምንጣፍ አላነጠፋችሁ፣ ሰው አልጠራችሁ። እናት ሞታ ልብስ ይታጠባል?»

እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር። ሁሉንም ቃል ሰማሁ። አንድም ያልገባኝ አልነበረም። ጠረጴዛ፣ ጨው፣ ነገ፣ ትናንት እያለች ያስተማረችኝ ቋንቋ ነው። ጎረቤቴ ዓይኔን አይታ ነገሩ ገባት፤ «ያ ረቢ፣ አልነገሯትም!» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ፤ ምንጣፏን ዘረጋች፣ ሌሎቹን የሰፈር ሴቶች ጠራች። እዚያ አለቀስኩ። የማላውቃቸው ሴቶች ጀርባዬን እየመቱ ለማያውቋት እናቴ አለቀሱ።

ማታ ጋሼ ሲመጡ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

«መቼ ልትነግሩኝ ነበር?»

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ነገ። እሁድ ሰው ሁሉ ሥራ ይፈታል። አገራችን ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ…»

«መርከቡ የሄደው ሐሙስ ነው!»

«እሱንማ አስበንበት ነው።»

«አስባችሁበት?»

«ነግረንሽ ብንለቅሽ መርከብ ላይ ማን ይይዝሻል? ሐጂ ወንድ ናቸው፣ ባዳ ናቸው። ራስሽን ውኃ ውስጥ ብትጥይስ? ሳንነግርሽ ብንለቅሽ ደግሞ ጋምቤላ ላይ ከአህያ ነጂ ልትሰሚው ነው። ሰው ያለበት ቦታ ስሚው ብለን ነው ልጄ።»

«ለአርባዋ ባልደርስ ለሰማንያዋ እደርስ ነበር» አልኳቸው። «መቃብሯን እንኳ አፈሩ ሳይደርቅ አይ ነበር። ዘጠኝ ወር እዚህ ዘጋችሁብኝ።»

ጋሼ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። የወንድማቸው ሚስት ናት፤ ስንት ቀን ሙሉ እኔን ፈርተው እንባቸውን ውጠው ኖረዋል። አሳዘኑኝ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም። ሁለቱም እኩል ነበሩ።

እትዬ ሊተኙ ሲሉ መጥተው ጆሮዬ ሥር «ነገ አላወቅሁም በይ። ሰው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ጋሼሽን አታዋርጂው» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ጎህ ሲቀድ የአገራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ግቢው ሞላ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ስደት። አዳመጥኳቸው። ማዳመጥ ነበረብኝ። ግን ሽማግሌው ስለ ስደት ሁለተኛ ዙር ሲጀምሩ አቃተኝ።

«እናቴ ሞታለች። ትናንት ጎረቤቴ ነገረችኝ። ይልቅስ ከእናንተ ውስጥ እንዴት እንደ ሞተች የሚያውቅ አለ? ማን አጠገቧ ነበር?»

 ከሴቶቹ አንዷ «ምነው፣ የእናቷን ሞት በአረብ አፍ ትስማው?» አለች።

«ያልደበቀችኝ እሷ ስለሆነች ነዋ!»

«ወይ ድርቅና!» አለች ሌላይቱ። ከዚያ እትዬ ጮኹ፣ ለእኔ የተዘጋጀው ለቅሶ እኔን ሳይጠብቅ ተጀመረ። እኔ መካከሉ ላይ ዓይኔ ደርቆ ተቀመጥኩ። ለሞቷ የመጡት ሁሉ የመሞቷን ነገር አንድም አያውቁም። የሚያውቁት ሐጂ ናቸው፤ ሐጂ ደግሞ ወንዝ ላይ ናቸው።

በጋው አላልቅ አለ። አረብኛውን ተማርኩ፤ ሌላ ምን ልሠራ? ጋሼ የሚልኩትን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። መምህሩ ጽሕፈቴን ደህናው ዓይናቸው አጠገብ አድርሰው «ጥሩ ነው፣ ግን ትቸኩያለሽ» ይሉኛል። እናቴን በሕልሜ አላየኋትም። ሰው ሁሉ የሞተበትን በሕልሙ ያያል፤ እኔ አላየሁም።

በሐምሌ የመጀመሪያው መርከብ ሲመጣ ልብሴን አስሬ ነበር፤ በዚያው ልመለስ ነው። ወንዙ ዳር ከጋሼ ቀድሜ ደረስኩ። ሐጂ ከመርከቡ ሲወርዱ ያዝኳቸው፤ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም።

«አጠገቧ ማን ነበር?»

ሐጂ የቡና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አረጁብኝ። «የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። ሚስቴም ነበረች። እኔም ነበርኩ። ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ብቻዋን አልነበረችም።»

«ምን አለች?»

«አንቺን ነዋ የምትለው። ‹መርከቡ ገብቷል ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ገብቷል አልኳት። በዚያ መጥታለች፣ በቅሎ እስኪገኝላት ጋምቤላ ቆይታለች አልኳት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ልበላት ልጄ?»

«ከዚያስ?»

«በማግሥቱ ስትጠይቅ ከጋምቤላ ወጥታ ቡሬ ደርሳለች አልናት። ደስ አላት። ትንሽ ወተት ጠጣች። በሌላው ቀን ጎሬ ገብታለች አልናት።»

«ከጎሬ መቱ እኮ የግማሽ ቀን መንገድ ነው ሐጂ። ምን አቆያት አላለችም?»

«አለች። ዝናብ ነው፣ መንገዱ በጭቃ ተበላሽቷል አልናት። በየቀኑ ትጠይቃለች፤ እኛም በየቀኑ መንገዱ ነው እንላታለን።»

«እስከ መቼ?»

«እስክታርፍ» አሉ። «ጎሬ ያለሽ መስሏት ነው ያረፈችው። ልቧ አልተሰበረም።» ጥሩ ነገር እንደ ሠራ ሰው ነው የሚያዩኝ፤ ሠርተዋልም መሰለኝ።

ተሸካሚዎቹ ጆንያውን ሊያነሡ መጥተው ሐጂን አስነሷቸው። ጋሼ ከኋላ ደርሰው «ትኬቱን ልቁረጥልሽ?» አሉኝ። አሁን መቱ ብገባ የሚጠብቀኝ የለም ብዬ ትቻቸው ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ያሰርኩትን ልብስ ስፈታ እትዬ በሩ ላይ ቆመው «ምነው፣ ቀረ እንዴ?» አሉ።

«መንገዱ ተበላሽቷል» አልኳቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው ዓይኔ እንባ የለቀቀው፤ እትዬ አጠገቤ ተቀመጡ፣ ለማን እንደማለቅስ አልጠየቁኝም።