ያለ ጨው የበላሁት ዘጠኝ ገና

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያለሁ፤ ሾፌር መሳደቤን ነግሬያለሁ፤ አንድ ክረምት የሰው ጃንጥላ ይዤ መቅረቴን ሳይቀር ነግሬያለሁ። ይህችን ግን ጉሮሮዬ ላይ ትደርስና ትመለሳለች። ለእናንተ ለማታውቁኝ መናገር ሳይቀልለኝ አይቀርም፤ ቢያንስ ነገ ጠዋት በር ላይ አንገናኝም።

ጥፋቴ ውሸት ነው። የዋሸሁት በገና ቀን ነው። የዋሸሁት ሊያጎርሱኝ እጃቸውን የዘረጉ ሴት ላይ ነው። ግን ወደሱ ከመግባቴ በፊት ልናደድ። ዘጠኝ ዓመት ይዤው የኖርኩት ንዴት ስለሆነ ሳላወጣው ብናዘዝ ኑዛዜው አይሞላም።

እኔ የምለው፣ በዓል የሚባለውን ነገር ማንን ለማስደሰት ነው የምናከብረው? ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፒያሳ ያሉ ካፌዎች የፕላስቲክ ዛፍ ያቆማሉ። ዛፉ ላይ ጥጥ ይበትኑበታል፤ በረዶ ነው አሉ። በሀዋሳ ፀሐይ። አስተናጋጇ ቀይ የሱፍ ኮፍያ አጥልቃ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ማኪያቶ ታመጣለች። ስልኬ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ አያርፍም። ማን እንደሆነ ከማላውቀው ሰው ሻማና ደወል ያለበት መልእክት ይመጣልኛል፤ ከታች «ለሃያ ሰው ላክ» ይላል። እኔ የምሠራው መናኸሪያ ነው፣ ስምሪት ላይ፤ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚወጣ የምመድበው እኔ ነኝ። በዋዜማው ሰው ሁሉ አገሩ ካልገባ ጌታ የማይወለድ ይመስለዋል። ዶሮውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ዶሮዋ አንገቷን አውጥታ እያየችኝ፣ «አንድ ወንበር ፈልግልኝ» ይለኛል። ከየት አባቴ አምጥቼ?

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው ማብላቱን ነው።

«ጠገብኩ» የሚል ቃል በአማርኛ ለምን እንደተፈጠረ አይገባኝም፤ ሰምቶ የሚያምነው የለም። ጠገብኩ ስትል «ምኑን በላህና» ይሉሃል። የምሬን ነው ስትል «ወጡ አልጣመህም ማለት ነው» ይሉሃል። እጅህን ልትታጠብ ስትነሳ «በሞቴ» ይመጣል። በሰው ሞት ተለምኖ እምቢ የሚል ማን አለ? አንዷን ጉርሻ እንደምንም ስትውጣት «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛዋ ተጠቅልላ ትጠብቅሃለች። ይህ ፍቅር ነው ይሉኛል። ይሁን፣ ፍቅር ነው። ፍቅር ግን የሰውን ጨጓራ አይጠይቅም? ወንደላጤ ከሆንክማ አለቀልህ፤ ቤትህ የሚያበስልልህ ሰው ስለሌለ ሠፈሩ ሁሉ ያንተ ሚስት ይሆናል።

እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሠፈር የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከኔ ሌላ አምስት ቤት አለ። እዚያ በገባሁበት ዓመት፣ በመጀመሪያው ገና፣ አርባ ሦስቱን ቀን ጾሜ ሆዴ ከሽሮና ከጎመን ሌላ ነገር ረስቶ ነበር። ከቅዳሴ መጥቼ ጎኔን እንኳ ሳላሳርፍ በሬ ተንኳኳ። አንደኛው ቤት ዶሮ ከነእንቁላሉ። ሁለተኛው ቤት ጥሬ ሥጋ። ሦስተኛው ቤት ክትፎ፣ ያውም ቅቤው ሳህኑ ዳር ላይ እየዋኘ። አራተኛው ቤት እንደገና ዶሮ፤ ባለቤቲቱ ደግሞ አጠገቤ ቆማ «የኔና የነዚያ የማን ይበልጣል?» ትለኛለች። አምስተኛው ቤት ስደርስ መተንፈስ ከብዶኝ በአፌ ነበር የምተነፍሰው።

አምስተኛው ቤት የእትዬ ማርታ ነው። የግቢው ባለቤት እሳቸው ናቸው። የይርጋለም ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ጾሙ ባይመለከታቸውም የኔን ጾም ከኔ በላይ የሚቆጥሩት እሳቸው ነበሩ፤ «ጾመኛው ልጄ፣ ስንት ቀን ቀረህ?» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ድስቱን ከፍተው ሲፈልጉ ቆዩና ፈረሰኛውን አወጡልኝ። ፈረሰኛ ለቤቱ አባወራ የሚቀመጠው የዶሮ ብልት ነው። «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ይህን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ሆዴን ይዤ «እትዬ፣ አልችልም። ግፊት አለብኝ። ሐኪም ጨውም ቅቤም በርበሬም ከልክሎኛል» አልኩ።

ግፊት የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም። ግፊት ያለበት የመናኸሪያው አለቃዬ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝ የሱ በሽታ ነው። የሠላሳ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ አራት ቤት ጥርግ አድርጌ የበላሁ ሰውዬ፣ በአለቃዬ በሽታ ማልኩ።

እጃቸው ከነጉርሻው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱት። «በዚህ ዕድሜህ? እኔን» አሉ፤ ዐይናቸው ዕንባ አቀረረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። «በሞቴ» አላሉም፣ «ጠልተኸኝ ነው» አላሉም። ለካ በዚህ አገር ከመብላት የሚያድነው በሽታ ብቻ ነው ብዬ ቤቴ ገብቼ ቀበቶዬን ፈታሁና ተኛሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው በሙሉ ሰማ። እትዬ ማርታ ይርጋለም ላለችው እህታቸው በስልክ በሲዳምኛ ሲያወሩ ከሁሉም መሀል ስሜንና «ግፊት» የምትለዋን ቃል ለየሁ። ለፋሲካው ደግሞ የራሴ ድስት ተዘጋጅቶልኝ ጠበቀኝ። በጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደው፣ ከጀልባ ላይ ትኩስ የቆሮሶ ዓሣ ገዝተው፣ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ቃሪያ ቀቅለውልኛል። ከጎኑ ዱባ አለ፤ ዱባውም ጨው የለውም። «ዓሣ ለግፊት ጥሩ ነው ብለውኛል» አሉኝ።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሰው ሁሉ ዶሮውን ሲቆርጥ እኔ የተቀቀለ ዓሣ እበላለሁ። የዶሮው ሽታ አፍንጫዬ ስር ነው፤ አፌ ውስጥ ያለው ግን ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነው። ፈረሰኛውን በየዓመቱ ያወጡትና «ሲሻልህ ትበላዋለህ» ብለው ወደ ድስቱ ይመልሱታል። ዘጠኝ ገና፣ ዘጠኝ ፋሲካ። ጥጋብን የፈራሁ ሰውዬ በበዓል ቀን ጦሜን ያደርኩ ያህል ሆንኩ። ይበለኝ።

ዓመቱን ሙሉስ? ዓመቱን ሙሉማ ከግቢው ስወጣ በሽተኛ፣ መናኸሪያ ስደርስ ጤነኛ ነኝ። ሥጋ ቤት ገብቼ ጥብሴን በአዋዜ እበላለሁ፤ ስመለስ አፌን በማስቲካ አጥባለሁ። አንድ ቀን የሁለተኛው ቤት ሰውዬ ሥጋ ቤት አገኘኝና «አንተ፣ ግፊቱስ?» ቢለኝ «ለሰው ነው የማስጠቅልለው» አልኩት። እሱም አመነኝ። ሁሉም ያምነኛል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። «ጠገብኩ» ስል አንድ ሰው እንኳ ያላመነኝ ሕዝብ «ታመምኩ» ስል አንድ ሰው እንዴት አይጠረጥረኝም?

ውሸቴን የማነሳበት ቀን ጠፍቶ ነበር አትበሉኝ። በየበዓሉ እትዬ ማርታ «አልተሻለህም?» ይሉኛል። ተሻለኝ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ግን ተሻለኝ ካልኩ ዶሮው፣ ጥሬው፣ ክትፎው፣ እንደገና ዶሮው፣ ከዚያ «የማን ይበልጣል?» ሊመጣ ነው። «ደህና ነው፣ ተመስገን» እያልኩ አለፍኩት። ደግሞ እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ መታሰቡን ወድጄዋለሁ። አሮጊት ሴት ለኔ ብለው በጠዋት ሐይቅ ዳር ሲወርዱ ማየት ደስ ይል ነበር። እኔ ነኝ ይህን የምለው፣ በሰው ማብላት የተናደድኩት እኔው።

ባለፈው ጥቅምት እትዬ ማርታ ልብስ ሲያሰጡ ራሳቸውን አዞራቸውና ወደቁ። ልጃቸው ትዕግስት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ግፊት ነው ተባለ፤ እውነተኛው፣ የኔ ዓይነቱ ሳይሆን። ጨው ይቁም፣ ቅቤ ይቁም፣ ካልቆመ ያሰጋል አሏቸው። ይርጋለም ያለችው እህታቸው በዚሁ በሽታ ግማሽ አካሏ ሰንፎ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሚያሰጋው ምን እንደሆነ ያውቁታል። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። «ያለ ጨው ከምኖር ከነጨዬ ልሂድ» አሉ። ትዕግስት ብታለቅስ፣ ብትቆጣ፣ ጨው ዕቃውን ብትደብቅ፣ እሳቸው ከጎረቤት ተበድረው ይመጣሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩ። ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ አንተ እንዴት ቻልከው?» አሉኝ። «ትዕግስትን እምቢ ስላት ያንተን ስም ጠራችብኝ። ወንድ ልጅ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ሳያማርር ችሎታል፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። አፈርኩ። ንገረኝ፣ እንዴት ነው የሚቻለው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ መናገር ነበረብኝ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ሎሚ ይጭመቁበት፣ እትዬ። የመጀመሪያው ወር ነው ክፉው። በሦስተኛው ወር ምላስ ይለምዳል» አልኩ። ከየት አመጣሁት? ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም። ሦስት ቀን ጨው ትቼ አላውቅም። እሳቸው ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ «ሦስተኛው ወር» ብለው ደገሙት፣ እንዳይረሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨው አቆሙ።

ዘንድሮ በገና እትዬ ማርታ ቤት ዶሮ አልታረደም። ከአራቱም ቤት የቁሌቱ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል፤ እሳቸው ቤት አንድ ትሪ፣ አንድ ሳህን፣ የተቀቀለ ቆሮሶና ዱባ። «ዛሬ ካንተ ጋር እኩል ነን» ብለው ሳቁና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ጸለዩ። ጎረሱ።

እስከዚያ ድረስ ዓሣውን እየቀቀሉ የሚበሉት ለብቻቸው፣ ሎሚ ጨምቀውበት ነበር። የዚያን ቀኑን ግን ለኔም ስለሆነ ያለ ሎሚ፣ እንደ ድሮው ነው የሠሩት፤ ዘጠኝ ዓመት ሲሠሩትም አንድ ቀን ቀምሰውት አያውቁም፤ ጨው የሌለበት ወጥ ምኑ ይቀመሳል። አኘኩ። ማኘካቸውን አቆሙ። ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ይህን ነው?» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ያበላሁህ ይህን ነው?»

«ምንም አይደለም፣ እትዬ፤ ለምጄዋለሁ» አልኩ።

ማልቀስ ጀመሩ። «በበዓል ቀን፣ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው፣ እኔ ፊትህ ዶሮዬን እየበላሁ ላንተ ይህን ሳቀርብ። አንድ ቀን እንኳ ሎሚ ሳልጨምቅልህ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀምሰው። አንተም ሳትነግረኝ ችለህ። ይቅር በለኝ ልጄ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አንተም ይቅር በለኝ» አሉና እጄን ያዙኝ።

እኔም ይቅር አልኳቸው። ሰምታችኋል? «ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ» አልኩ። ይቅር የምል እኔ ማነኝ? እሳቸውስ ምን በደሉኝ? በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ የከፋችው ይህች ናት፤ የግፊቷ ውሸት ከዚህች ጎን ስትቆም የልጅ ጨዋታ ናት።

ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዓሣውን በእንጀራ ጠቀለሉና አጎረሱኝ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ጉርሻቸው ናት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛዋን ጠቀለሉ። ጠገብኩ አላልኩም።

አሁን ገና ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነ። ትዕግስት ግፊታቸው መውረዱን ነገረችኝ፤ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ብናገር እትዬ ማርታ ወደ ጨው ዕቃው ይመለሳሉ ብዬ እፈራለሁ። ዝም የምለው ለእሳቸው ብዬ ነው ልበል? አልልም። ከጥቅምት በፊት ዘጠኝ ዓመት ዝም ስል ለማን ብዬ ነበር? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ውሸቴ አዳናቸው እንዳትሉኝም። ያዳናቸው ጨው መተዋቸው ነው፤ እኔ የተውኩት ነገር የለም።

ለመተው ሞክሬ ነበር። ከገና ማግስት ጀምሮ ቃሌን እውነት ላደርጋት ፈልጌ ጨው አቆምኩ። በአራተኛው ቀን መናኸሪያ ሥጋ ቤት ተገኘሁ። ዘጠኝ ዓመት ችሎታል የተባለው ሰውዬ አራት ቀን አልሞላም።

እሳቸው ሦስተኛ ወራቸውን ጨርሰዋል፤ ምላሳቸው አልለመደም። «ምናልባት የኔ ይዘገይ ይሆናል» ይላሉ። ትናንት ከሥራ ስገባ ደጃቸው ላይ ዱባ እየላጡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «በርታ ልጄ፣ አብረን እንችለዋለን» አሉኝ።

የአዋዜው ሽታ እንዳይደርሳቸው አፌን በመዳፌ ሸፍኜ፣ «እሺ እትዬ፣ እበረታለሁ» አልኩ።