የጊታር ክር የቀቀለው ጎረቤቴ

ያኔ ቂርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሳምሪ ልጄ ስምንት ወሯ ነው፤ ስጠራት አትዞርም፣ የድስት ክዳን ሲወድቅም አትደነግጥም። ትሰማ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለሰው መናገር ደግሞ ፈራሁ፣ በቃ።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ዳዊት መጣና "የሳምሪ እናት፣ ድስት አውሺኝ" አለኝ።

"ምን ልትሠራበት?"

"የቤዝ ጊታሬን ክር ልቀቅል።"

ያበደ መሰለኝ።

"ከሰዓት ካዛንቺስ አንድ ክለብ ሊፈትኑኝ ነው። ክሩ እድፍ ይዞ ድምፁ ሞቷል፤ ሲፈላ እድፉ ይለቃል።"

በእኔው ምድጃ ላይ ቀቀለው፤ እውነትም ውሃው ጠቆረ። አድርቆ መልሶ ጊታሩ ላይ ወጠረውና ስፒከሩን አምጥቶ እኔው ቤት ሰካ። ጊታሩ አንገቱ ላይ እንደሌሎቹ ጊታሮች የጣት ቦታ የሚለዩ ቀጫጭን ብረቶች የሉትም፤ ዳዊት ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው። ሳምሪ ፍራሽ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች።

አንዱን ክር መትቶ ጣቱን አንሸራተተ። አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ሰው የመሰለ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ወለሉ ሁሉ ነዘረ። ዳዊት ፊቱን አጨማደደ።

"ገና ነው፣ አልጣመኝም። ቆይ ላስተካክለው።"

ሳምሪ ግን ዞራ፣ አፏን ከፍታ ስፒከሩን እያየች ነበር።

"እንዳትነካው!" ብዬ ጮህኩበት። "እንደዛው ድገመው!"