ያልጠለለው ቀለም

መካኒሳ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ባለሙያነት አራት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ፤ አምስትም ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው ዓመት ለስፔሻሊቲ ትምህርት ለመወዳደር ተነሣሁ። ማመልከቻዬ ያለ ክፍል ኃላፊያችን የድጋፍ ደብዳቤ ዋጋ አልነበረውም። ኃላፊያችን ለጡረታ የተቃረቡ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ነበሩ።

«ስፔሻሊስት ልትሆን ነው አሉ» አሉኝ፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት የደም ስላይድ እያቀበሉኝ። «እንግዲያው ይህን ቀለም ውስጥ ነክረህ አንብብልኝ።»

ስላይዱ ከመነከሩ በፊት ቀለሙን ማጥለል ያስፈልጋል፤ ይህን ጀማሪም ያውቃል። እኔ ግን ማጥለልን የተለማማጆች ሥራ አድርጌ መቁጠር ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር፤ አጥልለውታል ብዬ ነከርኩ። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ጠቆር ያሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ታዩኝ። «ወባ አለ» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ።

«ሰውዬው ቆላ ወርዶ ይሆን?» አሉ እትዬ።

«ሳይወርድ አይቀርም።»

«እኔ እንደማውቀው ከነፋስ ስልክ መካኒሳ በታክሲ ከመመላለስ በቀር የትም አይሄድም። መድኃኒት ይጀመርለት?»

«ቢጀመርለት ጥሩ ነው።»

«በል ዋጥ። ደሙ ያንተ ነው።»

አዲስ ቀለም በመጣ ቁጥር በተራ ከጣታችን ደም እየሰጠን እንፈትሸው ነበር። የዚያ ሳምንት ተረኛ እኔ እንደነበርኩ ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እርሳቸው መሳቃቸውን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ደብዳቤው አመለጠኝ ብዬ ደነገጥኩ። ቢሆንም ከዚያው ደም የተረፈውን ስላይድ ለምኜ ወሰድኩ፤ ቀለሙን አጠለልኩ፣ ነከርኩ፣ አነበብኩ። ምንም አልነበረም። ያየሁት የቀለም ዝቃጭ ነበር። በመዝገቡ ላይ የጻፍኩትን ሳልፍቅ በአንድ መሥመር ሰረዝኩት፤ ትክክለኛውን ውጤት ከጎኑ ጽፌ ፈረምኩ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው መሥመሩን አዩት። «ስሕተትህ ጎን ፊርማህን አኑረሃል» አሉ። «ደብቀኸው ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልክህን እዚሁ አስቀርህ ነበር።»

ደብዳቤውን ወዲያው፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ እንደጻፉልኝ አስታውሳለሁ። የዚያን ጊዜ ባልደረባዬ ግን ሁለት ሳምንት አስለምነውሃል ብሎ ይምላል። የሁለታችንም ትዝታ የሚስማማው ወረቀቱን ሲሰጡኝ በተናገሩት ላይ ብቻ ነው።

«ሂድ፣ ተማር። እዚያም ግን ቀለሙን ሌላ ሰው አጥልሎታል ብለህ እንዳትተማመን።»