አባቴ የቆጠራቸው ፈረንሳዮች

ልጅ እያለሁ የአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ዘር ማንዘር ከራሴ ዘር አስበልጬ አውቅ ነበር። ዛሬም ብትጠይቁኝ አልሳሳትም። በዲቪ ከሆሳዕና መጥተን ሲያትል ዳር ስካይዌይ የሚባል ሰፈር በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ አባዬ ሲያትል መሃል ከተማ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ከሳህን አጣቢነት ወደ አስተናጋጅነት አድጎ ነበር።

ችግሩ አባዬ ጴንጤ ነው፣ አስተናጋጁ ደግሞ ወይኑን ቀምሶ ለእንግዳ ማስረዳት አለበት። ቅዳሜ ወይኑ የሚመጣበት እርሻ ባለቤት ራሷ ከፈረንሳይ ትመጣለች፣ ፊቷ ቆሞ ስለ ወይኑ አሳምሮ መናገር ያቃተው ወደ ሳህኑ ይመለሳል ብሎ ማናጀሩ ለአስተናጋጆቹ ሁሉ ቁርጡን ነገራቸው። እማዬ አንድ ጉንጭ ብትቀምስ ጌታ አይቀየምህም ብትለው፣ ወይ ፍንክች! የማላውቀውን ጣዕም ትቼ የማውቀውን እናገራለሁ አለ። የሚያውቀው ደግሞ ዘር መቁጠር ነው። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት መቁጠር ያልቻለ ልጅ ሽማግሌ ፊት አይቆምም።

የእርሻውን ታሪክ የያዘውን ወረቀት እኔ ተረጎምኩለት፤ እሱ ሳምንቱን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ ሳይቀር ሲያነበንብ ከረመ። የእርሻው ባለቤት ማዳም ክሌር፣ አባቷ ሉዊ፣ የሉዊ አባት አንሪ፣ የአንሪ አባት ፒየር። ፒየር ጦርነት ላይ ሲሞት አንሪ በሁለት ዓመቱ እርሻውን ወረሰ ይላል። አባዬ እዚያ ላይ ቆመ። የሁለት ዓመት ልጅ ወይን ይጠምቃል እንዴ፣ እዚህ ጋ አንድ ሰው ጎድሏል አለ።

ቅዳሜ እማዬ ኤርፖርት ሺፍት ስለነበራት ይዞኝ ሄደ። ሌሎቹ እየቀመሱ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ እንጨት እንጨት ይላል እያሉ አወሩ። አባዬ ብርጭቆውን አልነካም። ከማዳም ክሌር ጀምሮ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ወደ ላይ ቆጠረላትና አንሪ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ማዳም፣ ልጁ እስኪያድግ ቤቱን የያዘው ማነው?»

የማናጀሩ ፊት ደም መሰለ። በቃ ጉድ ፈላ፣ አባዬ ሳህን ሊያጥብ ነው አልኩ። ሴትየዋ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። የፒየር ሚስት ማርግሪት ሕፃኑን ታቅፋ ሃያ ዓመት እርሻውን ብቻዋን እንዳቆመችው፣ ወረቀቱን ግን ወንዶቹ እንደጻፉት ነገረችው። ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር።

«ስለ ቅድመ አያቴ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አባዬን ቅመስ ያለው የለም። ያንን ወይን የሱን ያህል የሸጠ አስተናጋጅም አልነበረም፤ እንግዳው ስለ ማርግሪት ሰምቶ ሳያዝዝ አይነሳም ነበር። የዚያን ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ ደስታው የት እንደገባ እንጃ። ስካይዌይ ልንደርስ ስንል፣ እኔንም ያለ አባት ያሳደገችኝ እናቴ ብርቄ ናት፣ በቆጠራችን ውስጥ ግን የለችም አለኝ። አሳዘነኝ።

ያኔ እኛ ስንቆጥር እየተንቀጠቀጥን፣ ወንድ ወንዱን ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ መቼ ይፈራሉ! ልጄ አያቱ ጭን ላይ ተንፈላሶ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እየመለሰ ነው የሚቆጥረው። ልጁ የአባዬ ስም ላይ ሲደርስ አባዬ ያስቆመውና «እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» ይለዋል።

«የብርቄ» ይላል ልጄ።