በጣቴ ያሳየሁት መስመር

ይህን ነገር ለአባቴም ለወንድሜም ተናግሬ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ አንድ ክፍል አብሮኝ ለሚያድረው ጓደኛዬም አልነገርኩም። ለእናንተ ለማታውቁኝ አንባቢዎች የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ያደረግሁትን አስቀድሜ ልናገር። ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፍ ገልጬ፣ መጽሐፉ ያላለውን ይላል ብዬ ዋሸሁ።

አሰላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ጋሽ ሽፈራው የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው አጫጭር የወንጀል ታሪኮች ይደርሳል፤ በራሱ ገንዘብ አዲስ አበባ ያሳትምና አውቶቡስ ተራ እየዞረ ራሱ ይሸጣል። መጻሕፍቱ ቀጫጭን ናቸው፤ ሽፋናቸው ቶሎ ይገነጠላል። እኔ ግን እንደነሱ የምወደው ነገር አልነበረም። አንዴ ከተቀመጡ ሳይጨርሱ መነሳት የለም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ልብ ተንጠልጥሎ ይቆያል። መጨረሻ ላይ በሐሰት የተጠረጠረው ነጻ ሲወጣ፣ ከእስር የተፈታሁት እኔ ራሴ የሆንኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

እነዚህን መጻሕፍት የሚገዙልኝ የእህል ነጋዴው ሐጂ አማን ነበሩ። ሐጂ ዓረብኛ እንጂ የአማርኛ ፊደል አያነቡም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ፤ ገበያተኛውም እየቆመ ያዳምጣል። ዩኒፎርሜን ያሰፉልኝ እሳቸው ነበሩ። ሳነብ ደስ ሲላቸው ማየት እወድ ነበር፤ ከሚገባው በላይ እወድ ነበር።

ቱሉ የሐጂ መጋዘን ዘበኛ ነው። ግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል። እሱም ማንበብ አይችልም፤ ጆንያ ተደግፎ ያዳምጣል።

የዚያን ሰሞን ታሪክ አቦምሳ ውስጥ ስለተቃጠለ የእህል መጋዘን ነበር። ማን አቃጠለው? ሐጂ ገና ከመጀመሪያው ቀን ፈረዱ።

«ዘበኛው ነው። እንዳትነግረኝ፣ ዘበኛው ነው።»

«ጌታው ነው» አለ ቱሉ። «ገበሬዎቹ ያስቀመጡትን እህል ቀድሞ ሸጦታል። እንዳይጠየቅ አቃጠለው።»

«ስሙት እንግዲህ! ዘበኛ ለዘበኛ ጠበቃ ሲቆም።»

«ሐጂ፣ ዘበኛ ባዶ ቤት አቃጥሎ ምን ያገኛል?»

«ታዲያ አንተ ምን ያስፈራሃል? ክብሪት ይዘሃል እንዴ?»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። ቱሉም ሳቀ።

እኔ ጠንቃቃ ነኝ፤ የነገውን ሁልጊዜ ዛሬ ቤት ውስጥ አንብቤ እዘጋጃለሁ። ስለዚህ የመጨረሻውን ገጽ ከሁሉም በፊት አወቅሁት። ቱሉ እንዳለው ነበር፤ ያቃጠለው ጌታው ነው። ለማሰብ አንድ ሙሉ ቀን ነበረኝ። ይህን የምናገረው ድንገት አፌን አዳልጦኝ ነው እንዳትሉልኝ ነው። ሐጂ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በዘበኛቸው ሲረቱ ታየኝ። የምናገረው ታሪክ ነው፣ ማንን ይጎዳል? ይህን ጥያቄ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ግን አልፈለግሁም።

በማግስቱ ገጹን ገለጥሁና «ዘበኛው ነው» አልኩ። አልበቃኝም። ከካፖርቱ ኪስ ክብሪት ተገኘ ብዬ ከራሴ ጨመርኩ። ሐጂ ጭናቸውን መቱ። «አላልኩም?» እያሉ ለሁሉም ሻይ አዘዙ።

ሰው ሲበተን ቱሉ ወደ እኔ መጣ።

«እስቲ አሳየኝ፤ የት ላይ ነው እንዲያ የሚለው?»

ጣቴን አንድ መስመር ላይ አሳረፍኩ። መስመሩ ጌታው ለፖሊስ የሰጠውን የእምነት ቃል የያዘ ነበር። ቱሉ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«እሺ» አለ። «ከተጻፈማ ምን ይባላል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱሉ «ክብሪት» ተባለ። መጀመሪያ ሐጂ፣ ቀጥሎ ተሸካሚዎቹ፣ ቀጥሎ የገበያው ልጆች። ቀልድ ነበር። በበጋው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ የተከመሩ ባዶ ጆንያዎች ተቃጠሉ። ሲጋራ የጣለ መንገደኛ ይሁን ሌላ አልታወቀም፤ እሳቱም ቶሎ ጠፋ። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ክብሪት መጽሐፉን ደገመው» አለ። ሰው ሳቀ፤ ሐጂ ግን አልሳቁም።

«አደረግህ አልልህም» አሉት ማታውኑ። «ልቤ ግን እሺ አላለኝም።»

ቱሉ ክፍሏንም ሥራውንም በሳምንቱ ለቀቀ። አልጋውን ጋሪ ላይ ሲጭን አጠገቡ ነበርኩ፤ ገመዱን ያዝኩለት። እውነቱን ብናገር ሐጂ ሐሳባቸውን ይለውጡ ነበር? አላውቅም። የማውቀው አለመናገሬን ነው። እኔ ነበርኩ የዋሸሁት፤ እኔው ነበርኩ ገመድ የያዝኩለት።

ባለፈው መስከረም ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ አውቶቡሱ ዴራ ቆመ። ቱሉ እዚያ ጆንያ ይሸከም ነበር። አይቶኝ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ተማሪው! ወዴት ነው?»

«አዲስ አበባ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ። ሐጂስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ልጁስ?»

«ከእናቱ ጋር አርቦዬ ነው፤ ከአያቱ ዘንድ። እዚህ ሦስታችንን የሚይዝ ቤት አላገኘሁም።»

ያን ጊዜ አውቶቡሱ ተነሳ ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አልተነሳም። ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ገብቶ ነበር፤ ቱሉም የሚቸኩልበት ነገር አልነበረውም። እኔ ስለ ዴራ ሙቀት አወራሁት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ምን እንዳደረግሁበት አያውቅም። ዛሬም መጽሐፉ እንዲያ ይላል ብሎ ያምናል።