ተኝቶ «አለፈ» የሚል ሰው

የእህቴ ባል ከሰሜን ጦርነት ሲመለስ ተዝካሩ ተበልቶ ነበር። ሞቷል ተብሎ ተለቅሷል፣ ጠላው ተጠጥቷል፣ ካህናቱም ጠግበው ሄደዋል። በአጥር በኩል ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው ጎረቤት «አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?» አለው ይባላል። እኔ በጎረቤቱ አልፈርድም፤ ለተዝካሩ በግ የሰጠ እሱ ነበር።

ሰውየው ሙሉ አካሉን ይዞ ነው የመጣ። ያስቸገረንም ይኸው ነው። እጁ ወይ እግሩ ቢጎድል ኖሮ ሰው ሁሉ ከንፈር ይመጥለት ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ግን እርፉን ለቆ እርሻው መሃል በደረቱ ይወድቃል፤ ከወደቀ ደግሞ ጀምበር እስክትጠልቅ አይነሳም። በሬዎቹ ቀንበር እንደተሸከሙ ቆመው ያመነዥካሉ። መንገደኛ ሁሉ ዙሪያውን ከቦ «ተነሥ እንጂ፣ አንተ ሰው» እያለ ይስቅበታል።

ዛሬ ይኼ ነገር በሽታ ነው ተብሎ ስም ወጥቶለታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ ስሙ ፍርሃት ነበር። ስሙን ያወጡለት ደግሞ ጦርነቱን እሳት ዳር ተቀምጠው የተዋጉ ሰዎች ናቸው።

ያኔ እኔም እህቴ ቤት ነበርኩ፤ የምንኖረው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ከሠራ ወዲህ አውሮፕላኑ ሰማያችንን የራሱ መንገድ አደረገው። እኛ ላይ የሚጥለው ነገር አልነበረም፤ እያጉረመረመ ያልፋል። ይህንን ለእህቴ ባል ማስረዳት ግን ለበሬ ቅዳሴ ማስረዳት ነው።

አባቴ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚኖር። ወሬው ሲደርሰው እንዲህ ብሎ ላከ፤ ልጄን የዳርኩት ለገበሬ ነው፤ መሬቱ እስከ ሰኔ ሚካኤል ታርሶ ገብስ ካልተዘራበት በቅሎ ጭኜ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ። አባቴ የዛተውን ሳያደርግ የቀረበትን ቀን አላውቅም። እህቴ መልእክቱን ስትሰማ አላለቀሰችም። እንባዋን በተዝካሩ ጨርሳው ነበር። አንድ ጊዜ የቀበርኩትን ሰው በቁሙ ሁለተኛ አልቀብረውም አለችኝ፤ ከዚያ አንድ ነገር አድርግ ብላ አፈጠጠችብኝ። ሥራ የሌለው ሰው በዚያ ቤት እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ።

መጀመሪያ ጠበል ወሰድነው። አጥማቂው ቄስ ርኩስ መንፈስ በማናገር የታወቁ ነበሩ። ታማሚው መጮህ ሲጀምር መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ ያደርጉና የት እንደያዘው፣ በምን እንደመጣ፣ ስንት እንደሆኑ ይመረምራሉ፤ ያ ሁሉ ከተለፈለፈ በኋላ ውጣ ይሉታል። የእህቴ ባል ግን አልጮኸም። ለተጠየቀው ሁሉ እውነቱን ይመልስ ጀመር።

«የት ያዘህ?» አሉት።

«ተምቤን» አለ፣ ጥርሱ በውሃው ብርድ እየተንቀጫቀጨ።

«በምን መጣብህ?»

«በአውሮፕላን።»

ቄሱ መስቀሉን ትንሽ ራቅ አደረጉት። የወንዙን ጋኔን ያውቃሉ፣ የዋርካውን ያውቃሉ፤ በአውሮፕላን የመጣ አልገጠማቸውም።

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት ሦስት እየሆኑ ነው የሚመጡ።»

ቄሱ ግራ ቀኙን አዩ። በዚያ ዘመን ለጣሊያን ወሬ የሚያቀብል ጆሮ ጠበል ቦታም አይጠፋም። ቀስ ብለው ወደ እኔ ተጠጉና «ልጄ፣ ይኼ ጋኔን አይደለም፤ መንግሥት ነው። መንግሥት በጠበል አይወጣም» አሉኝ። እንደራሰ ይዤው ተመለስኩ። ስለ ካህናት ብዙ ክፉ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ፤ ለእኚህኛው ግን ዝም እላለሁ።

መፍትሔውን ያገኘችው እህቴ ናት፤ ያውም ሳታስበው። እርሻ ቦታ ምሳ ይዛለት ስትሄድ አውሮፕላን መጣ፤ እሱ ወደቀ። እሷም ያን ቀን አቀበቱ ገድሏት ነበርና አገልግሏን አስቀምጣ አጠገቡ ተጋደመች። ድምፁ ሲርቅ አንገቱን ሳያነሳ «አለፈ?» ብሎ ጠየቃት። «አለፈ» አለችው። ብድግ ብሎ ትከሻውን አራገፈና ምሳውን በላ። እስከ ማታም አረሰ።

ስንቱ ሰው ቆሞ «አልፏል፣ ተነሥ» ሲለው ኖሮ ያልተነሣ፣ አሁን ምን አግኝቶ ተነሣ ብዬ ራሱን ጠየቅሁት። የመለሰልኝን እስካሁን አልረሳሁትም። «የቆመ ሰው ሲነግረኝ አላምንም» አለኝ። «እዚያ የቆሙት ሁሉ አልቀዋል።»

እንግዲህ ጊዜው አጥሯል፤ አንድ ጥማድ በሬ ያን ሁሉ መሬት አያደርስም። እህቴ ወንፈል ጠራች። ጎረቤቶች በሬያቸውን ይዘው መጡ፤ ማረሻ ከመጨበጣቸው በፊት ግን ሕጉን ነገረቻቸው። እሱ ሲወድቅ ሁላችሁም ትወድቃላችሁ፤ እሱ ሲነሣ ትነሣላችሁ። ያ በግ የሰጠው ጎረቤት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ለጣሊያን የሚንበረከክ ጉልበት የለኝም ብሎ ተጀነነ።

«ተንበርከክ ያለህ የለም፤ ተኛ ነው ያልኩ» አለችው። «ያልተኛ ጠላ አይቀምስም።»

ጎረቤታችን አገሩን ይወዳል፤ ጠላም ይወዳል። ተስማማ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲመጣ ያ ሁሉ ጢማም ወንድ እንደታጨደ ገብስ ረገፈ። እኔ የወደቅሁበት ቦታ ከበሬ ኋላ ስለነበረ በሬው የፈቀደውን አደረገብኝ። ድምፁ ሲርቅ የእህቴ ባል «አለፈ?» አለ። በየትልሙ ከተኛው ሁሉ እንደ ዘፈን ተቀባይ «አለፈ!» የሚል መልስ መጣ። ተነሣ። በሬውን ጠራ። ሁላችንም አፈር አራግፈን ተከተልን።

እያደር ነገሩ ለሰነፎች ተመቻቸው። ያ ለጣሊያን አልንበረከክም ያለው ጎረቤታችን፣ ወገቡን በደከመው ቁጥር «መጣ!» እያለ መጋደም ጀመረ። ሌሎቹም ይከተሉታል። አንድ ጊዜ ሁላችን ተዘርግተን ሳለን የእህቴ ባል አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን ደህና አድርጎ አየ። ከዚያ ቆመና «ያ ጥንብ አንሣ ነው፤ ተነሡ፣ እናንት ሰነፎች» አለ። እህቴ ማሰሮዋን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። እሱ ቆሞ ሌላው የተኛበትን ቀን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

አባቴ የመጣው ለሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነው፤ እሱ በአንዲት በቅሎ ተቀምጦ፣ ለልጁ ደግሞ ሌላ በቅሎ ከነኮርቻዋ አስከትሎ። የቀረው የታችኛው ቁራሽ መሬት ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ በዚያች ሰዓት የሩቅ ጉርምርምታ ሰምተን ተኝተናል። በቅሎውን አቁሞ ወረደና ወረርሽኝ ገባ ወይ ብሎ እኔን በዘንጉ ነካ ነካ አደረገኝ። ተኛ ብለው እሱ እቴ፤ ለእግዜር ካልሆነ አልንበረከክም የሚል ሰው ነው። አውሮፕላኑ ጮቄን ዞሮ ከዚያ ቀን በፊት አይተነው በማናውቀው ዝቅታ መጣ። በቅሎዎቹ ገመዳቸውን በጥሰው ፈረጠጡ። አባቴ መሃል እርሻ ላይ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

የእህቴ ባል ድምፁ እየተሰማ ተነሣ። ሮጠ፤ «አባቴ፣ ይተኙ!» ብሎ ጋቢውን ጨምድዶ ያዘና ከነዘንጉ ጭቃ ውስጥ ጣለው፤ እላዩ ላይም ተኛበት።

አውሮፕላኑ ሄደ። ሁላችንም ከየትልሙ አንገታችንን ቀና አድርገን አባቴን ስንጠብቅ ነበር። የእህቴ ባል ከላይ ሆኖ ጋቢውን እንደጨመደደ ነው።

«አለፈ?» አለ።

አባቴ አፉ ውስጥ የገባውን አፈር ተፋ። 

«አለፈ» አለ። «ተነሥልኝ፣ ከባድ ነህ።»

ቀሪውን መሬት አባቴ ጭቃ እንደለበሰ ዳር ቆሞ አስጨረሰን። ሲመሽ የራሱን በቅሎ ይዘን አመጣንለት፤ የእህቴ በቅሎ አልተገኘችም። ስታገኟት እዚሁ ትቆይ፣ እህል ትጭንላችሁ ብሎ ብቻውን ተነሣ።  በቅሎዋ በማግስቱ ተገኘች።

የእህቴ ባል ዳነ አልልም፤ ከዚያም በኋላ ይወድቅ ነበር፤ እህቴም አጠገቡ ትተኛ ነበር። ያላሰብነው የአባቴ ነገር ነው። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲሰማ ሰው አለመኖሩን አይቶ ጓሮ ይጋደማል። መነሣቱ ነው የሚቸግረው። እሷም ጎመኗን ትታ ሄዳ ጎኑ እየተኛች «አለፈ» ትለዋለች።